የብረት ሠራተኛውን አጥቂ ዱካ ፍለጋ፦ ከሙጂያ እስከ ፒያቼንሳ

ጣሊያን ሄጄ ሮምን አላየሁም። ቬኒስንም በባቡር መስኮት ነው ያለፍኳት። ያየሁት የትናንሽ ከተማ ስታዲየም ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በሩ ተቆልፎ። ሚላን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ዕቅዴን ስነግረው «ለዚህ ነው እንዴ ለቪዛ ያን ሁሉ ወረቀት ያሰባሰብከው?» አለኝ። እሱ የሚያውቀው የሚላኑን ትልቅ ስታዲየም ሳን ሲሮን ነው። ቢሆንም ከሥራው ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ዞረ። ጣሊያንኛውም የሱ ነው፤ የኔ ከማኪያቶ አያልፍም።

የተከተልነው የአንድ አጥቂ ዱካ ነው። ዳሪዮ ሁብነር ይባላል። በ1967 ትሪየስቴ ተወለደ (ዓመታቱም ቀኖቹም በፈረንጅ ናቸው)። ትምህርቱን ቶሎ አቁሞ ብረት ሠራተኛ ሆነ፤ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይገጥም ነበር። ኳስ የሚጫወተው ከሥራ መልስ ነው። ከሰፈር ክለብ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወጣና የጣሊያንን ከፍተኛ ሊግ ሴሪ ኤን የረገጠው በ30 ዓመቱ ነው። በ2001/02 ከጁቬንቱሱ ዳቪድ ትሬዜጌ ጋር እኩል 24 ጎል አግብቶ የሴሪ ኤ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ 35 ሞልቶታል። በሦስተኛው እርከን በሴሪ ሲ1፣ በሁለተኛው በሴሪ ቢ እና በሴሪ ኤ፣ በሦስቱም ኮከብ ግብ አግቢ የሆኑት እሱና ኢጎር ፕሮቲ ብቻ ናቸው። ለጣሊያን ብሔራዊ ቡድን ግን አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም።

ሐሙስ፣ ትሪየስቴ እና ሙጂያ

ትሪየስቴ የደረስነው በመጥፎ ሳምንት ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ባርኮላና የሚባል ትልቅ የጀልባ ውድድር አለ። ወደቡ በሸራ ተሞልቷል፤ ሆቴሉም በባለ ጀልባ። ሌላ ጊዜ 70 ዩሮ የሚባል አልጋ 160 ገብቶ ጠበቀን። ያውም መታጠቢያው ኮሪደር ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ተከራክሮ 10 ዩሮ አስቀነሰ። ቁርሱንም አብረው ቀነሱት።

ቡናው ግን ክሶናል። ትሪየስቴ ከሜዲትራኒያን ዋና ዋና የቡና ወደቦች አንዷ ናት፤ ኢሊ የሚባለው የቡና ድርጅትም የተወለደው እዚህ ነው። አስተናጋጁን ካፑቺኖ ብለው ትንሽ ሲኒ አመጣልኝ፤ ሁለቴ ፉት ብዬ ጨረስኩት። በዚህ ከተማ ትልቁን ወተት የፈለገ ካፌላቴ ይላል ለካ። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ በትንሽ ብርጭቆ የሚጠጡትን ሳይ ግን ቁጭ የአዲስ አበባ ማኪያቶ! ሁለተኛውን የሳቸውን ዓይነት አዘዝኩ። 1.60 ዩሮ። ወደ ብር ማስላቱን ያቆምኩት እዚያው ባንኮኒ ላይ ነው።

ሙጂያ ከትሪየስቴ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የስሎቬንያ ድንበር ከጀርባዋ ነው። ከኢስትሪያ ልሳነ ምድር ለጣሊያን የቀረችው እሷና አካባቢዋ ብቻ ናቸው። በጀልባ ልንሻገር አስበን ነበር። ነገር ግን ቦራ የሚሉት ነፋስ ተነሳ። የሰው ኮፍያ የሚያበር ነፋስ አይቼ አውቃለሁ፤ የቆመ ሞተር ሳይክል ሲጥል ያየሁት ግን እዚህ ነው። ጀልባው ቀረና በ20 ቁጥር አውቶብስ ሄድን።

ሁብነር ያደገው በዚህች ከተማ ነው። አደባባይዋ ጠባብ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ነጭ ነው፤ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን የሚያቆሙበት ኩሬ የምታህል ወደብም አለች። የመጀመሪያ ክለቡ ሙጄዛና ይባላል። ሜዳው ዛካሪያ ነው ስሙ። ሰው አልነበረም። በአጥሩ ቀዳዳ አየነው፤ ሣሩ ደህና ነው።

ከሜዳው ስንመለስ አንድ ቡና ቤት ገባን። ባለቤቱ በስድሳዎቹ አጋማሽ ያሉ ሰው ናቸው። የአክስቴ ልጅ የሁብነርን ስም ሲያነሳ ሰውየው ሁለት ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው ወሰዱ። ሲጋራ! ቀጥለው ደግሞ አውራ ጣታቸውን ወደ አፋቸው ደፉ። ግራፓ! ከወይን ግርድ የሚወጣ አረቄ ነው። ይህንኑ ምልክት በየከተማው አይቼዋለሁ። ሰዉ ስለ ሁብነር ሲያወራ ሁልጊዜ ከሲጋራው ነው የሚጀምረው። የብሬሻ ክለብ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂኖ ኮሪዮኒም ሲጋራና ግራፓ ባይኖር ኖሮ ከሁሉም የበለጠ ተጫዋች ይሆን ነበር ማለታቸው ይነገራል። እኔ ወሬው ከመጠን በላይ የተደጋገመ ይመስለኛል። የሚያጨስ ሰው ሞልቷል። በ44 ዓመቱ ጎል የሚያገባ ግን ስንት አለ?

እራት ላይ ዮታ የሚባል ሾርባ ቀረበልን። ባቄላና የቦካ ጎመን ነው ተባልን። ጥሩ፣ የጾም የሚመስል ነገር አልን። ማንኪያዬን ስሰድ ከሥር የአሳማ ቁራጭ ብቅ አለ። አስተናጋጇ አሳማ መኖሩን ያልነገረችን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ነው አለች። የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ በላ። ሃያ ዓመት አውሮፓ የኖረ ሰው ነው፤ አልፈረድኩበትም። እኔ ዳቦ በላሁ።

ዓርብ፣ ኮኔሊያኖ

የሁብነር ሁለተኛ ክለብ ፒዬቪጂና ነው፤ ፒዬቬ ዲ ሶሊጎ በምትባል የቬኔቶ ከተማ። ከተማዋ ባቡር የላትም። ኮኔሊያኖ ወርዶ አውቶብስ መያዝ ያስፈልጋል።

ዓርብ ደግሞ የሥራ ማቆም አድማ ነው። ጣሊያን ውስጥ አድማ አስቀድሞ ይታወጃል፤ ሰዉም እንደ ዝናብ ትንበያ ነው የሚያየው። በአድማ ቀንም ቢሆን በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት የተወሰኑ ባቡሮች መሄድ አለባቸው፤ ሕግ ነው። ይህን የአክስቴ ልጅ ስለሚያውቅ ጎህ ሳይቀድ ተነስተን የመጀመሪያውን ያዝን። ኮኔሊያኖ ደረስን። አውቶብሱ ግን የለም። እሱም አድማ ላይ ነው። አንድ ሾፌር ለመሄጃ ብቻ 40 ዩሮ ጠየቀን። ከሱ ሌላ የቆመ ታክሲ ስላልነበረ ዋጋውን ንቅንቅ አላደረገም። ተውነው።

እናም ፒዬቬ ዲ ሶሊጎን ሳናይ ቀኑን ኮኔሊያኖ ጣቢያ ዙሪያ አሳለፍነው። ከተማዋ አትጠላም። ከኮረብታ ላይ አሮጌ ግንብ አለ፤ ዙሪያዋ ፕሮሴኮ የሚጠመቅበት የወይን እርሻ ነው። ኮረብታዎቹ በ2019 የዩኔስኮ ቅርስ ሆነዋል። ዓርብ ስለሆነ ማሪናራ ፒዛ በላን፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው፣ ቺዝ የለውም። 6 ዩሮ ተኩል። ለጾመኛ ኢትዮጵያዊ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም፤ ጣሊያን ውስጥ የትም ብትሄዱ ይገኛል። ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን ባቡሩ መጣ፤ ሚላን ስንገባ ወደ እኩለ ሌሊት ነው።

ቅዳሜ፣ ክሬማ

ከሚላን ክሬማ ሩቅ አይደለም። ትሬቪሊዮ ላይ ባቡር ይቀየራል። ሜዳው ለጥ ያለ፣ በቆሎና ቦይ የሞላበት ነው።

ሁብነር በ1988 እዚህ መጥቶ ለፔርጎክሬማ ለአንድ የውድድር ዘመን ተጫወተ። ኳሱ ባይቆይም ሰውየው ቀረ፤ ትዳሩን የመሠረተውም ኑሮውን ያደረገውም በክሬማ አካባቢ ነው። በኋላ በብሬሻና በፒያቼንሳ ሲጫወት እንኳ ከዚሁ እየተመላለሰ ነው። ካርታ ላይ ብታዩት ይገባችኋል። ከጎል አግቢዎች ዝውውር የምንሰማው ማንቸስተርን፣ ማድሪድን ነው። የሱ ዝውውር ግን ከእራት በፊት ቤት የሚያስገባ ነው።

ቮልቲኒ ስታዲየም አጠገብ ካለ ቡና ቤት ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች አገኘን። ፔርጎክሬማ የት ነው ብለን ብንጠይቅ ሳቁብን። ክለቡ በ2012 ከስሯል። ዛሬ በሜዳው የሚጫወተው ፔርጎሌቴዜ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ያው ነው ይላሉ፤ ሁለተኛው ያው አይደለም ይላሉ። ማልያው ያው ነው፣ ወረቀቱ ሌላ ነው፣ ደጋፊው ያው ነው። ክርክሩ እኛን ረስቶ ቀጠለ።

ይህን ነገር ያኔ እንደ ተራ ወሬ ነው የሰማሁት። ማታ ስልኬ ላይ የሁብነርን ክለቦች አንድ በአንድ ሳይ ነው የደነገጥኩት። ፔርጎክሬማ 2012፣ ቼዜና 2018፣ ፒያቼንሳ 2012፣ አንኮና 2004፣ ፔሩጃ 2005፣ ማንቶቫ 2010። ሁሉም ወይ ከስረዋል፣ ወይ ከሊግ ተባረው እንደ አዲስ ከታች ጀምረዋል። ሲጋራ ያጨሳል የተባለው ሰው ጤነኛ ነው፤ የሞቱት ክለቦቹ ናቸው።

የኛም አገር ቢሆን ከዚህ አይርቅም። በኛ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም ሻምፒዮን የነበረው ደደቢት ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ የለም። ልዩነቱ የኛ ክለብ አብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የከተማ አስተዳደር ጥገኛ ነው። እዚህ ደግሞ የአንድ ባለሀብት ኪስ ነው። ባለሀብቱ ሲሰለቸው ወይም ሲከስር ፌዴሬሽኑ የባንክ ዋስትና ይጠይቃል፤ ዋስትናው በቀኑ ካልገባ አለቀ።

ምሳ ላይ ቶርቴሊ የሚሉትን የክሬማን የተሞላ ፓስታ በላሁ፤ 13 ዩሮ። በውስጡ ብስኩት፣ ዘቢብ፣ የተቀመመ የሎሚ ዓይነት ልጣጭና ናና አለ። ጣፋጭ ነው። ከላዩ ግን ቅቤና ቺዝ ይደረግበታል! ምሳ ይሁን ኬክ ሳይገባኝ ጨረስኩት። ማታ ሚላን ፖርታ ቬኔዚያ ገብተን ከሐበሻ ቤት እንጀራ በልተን ነው አፌ የተስተካከለው።

እሑድና ሰኞ፣ ፋኖ

ፋኖ አድሪያቲክ ባሕር ዳር ናት። በጋ ላይ በመዝናኛ ሰው ትሞላለች። እኛ የደረስነው ጃንጥላዎቹ ተሰብስበው የባሕር ዳሩ ለውሾች ሲለቀቅ ነው። በዚህ ወቅት ክፍል 55 ዩሮ ነው። ያከራዩን አንዲት ባልቴት ናቸው። የአክስቴ ልጅ በጣሊያንኛ በአክብሮት «ሲኞራ» ይላቸዋል፤ እኔ ግን አፌ አላቆምም ብሎ እማማ ነበር የምላቸው። ወደዱት። ቁርስ ላይ ማርማላታ ሲደረድሩልን ሆድ ሳይሆን ጆንያ ያለን ነው የመሰላቸው።

ሁብነር እዚህ ከ1989 ጀምሮ ለሦስት የውድድር ዘመን ተጫውቷል። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ከተማ ፋኖ ነው ብል አላጋነንኩም። ያኔ የጣሊያን ሦስተኛ እርከን ሴሪ ሲ1፣ አራተኛው ሴሪ ሲ2 ይባል ነበር። ሲ1 በሁለት ምድብ ይከፈላል። ከሲ2 በታች የሚጫወት ሰው ሌላ ሥራ አለው። ፋኖ ሲ2 ላይ ነበር። በኋላ ትልቅ ስም ያወጣው ፍራንቼስኮ ጉይዶሊን መጥቶ አሠለጠነው፤ ቡድኑም ወደ ሲ1 አደገ። በ1991/92 ሁብነር የምድቡ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ዕድሜው 25 ሞልቶታል። በዚያ ዕድሜ እኩያው ሮቤርቶ ባጆ የዓለም ዋንጫ ተጫውቶ፣ በዝውውር ሒሳብ ሪከርድ ሰብሮ ጁቬንቱስ ገብቷል።

ማንቺኒ ስታዲየም ስንደርስ ሣር አጫጁ በሩን ከፍቶ ነበር። ከየት ነው የመጣችሁት አለን። ከአዲስ አበባ ስንለው ማጨጃውን አጠፋ። ገባን። የሲሚንቶ መቀመጫ፣ ዝገት የነካው አጥር፣ ከትሪቡኑ በላይ የቆርቆሮ ጣራ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው ባዕድነት አይሰማውም። ሰውየው ሲጋራውን አላነሳም፤ በመንገዳችን ብቸኛው ነው። የነገረን ስለ ሩጫው ነው። ያኔ ልጅ ሆኖ ኳስ አቀባይ ነበር። ሁብነር ኳሱን በረጅሙ ይጥሉለታል፣ ተከላካዩን በትከሻው ይገፋል፣ ያመልጣል፣ ይመታል። ሌላ ጥበብ የለውም ይላል። ተከላካዩ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ግን አያቆመውም። በኋላ «ታታንካ» ተብሏል፤ ጎሽ እንደማለት ነው። ቪዲዮውን ያየ ሰው አይከራከርም።

ፋኖ ውስጥ ሞሬታ የሚባል ነገር አለ። የዓሣ አስጋሪዎች መጠጥ ነው። ከሥር ሮም፣ ብራንዲና አኒስ በስኳር ይሞቃል፤ የሎሚ ልጣጭ ይገባበታል፤ ከላይ ቡና ይደፋበታል። በብርጭቆ ሲታይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ነው። 2 ዩሮ ተኩል። አንዱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይበቃል፤ የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን ደገመና ከሮማውያን ዘመን የቀረው የአውግስጦስ ቅስት ሥር ተቀምጦ ከሚያልፈው ሰው ሁሉ ጋር ሰላም ተባባለ። ባቡር አመለጠን።

ማክሰኞ፣ ቼዜና

ቼዜና የብስክሌት አገር ናት። ሸሚዝና ከረባት ያደረገ ሰው ብስክሌት ላይ ታያላችሁ፤ ከኋላው ካሮት የጫነችም አሮጊት።

ምግቡ ፒያዲና ነው። ስስ ቂጣ ነው፤ በመንገድ ዳር ባለ ባለ ቀለም ኪዮስክ ይጋገራል፤ በውስጡ ለስላሳ ቺዝና የሰላጣ ቅጠል ይደረግበታል። 6 ዩሮ። ከሙጂያው ሾርባ ወዲህ ጠያቂ ሆኛለሁ። ሊጡ ውስጥ ምን አለ? የአሳማ ስብ። በወይራ ዘይት የተሠራ አለ? አለ፤ ግን ሴትየዋ ስትሰጠኝ የታዘነልኝ በሽተኛ ነው የመሰልኩት። ጥሩ ነበር። ሁለት በላሁ።

ሁብነር ከፋኖ የመጣው በ1992 ነው። ሴሪ ቢ። አምስት የውድድር ዘመን ቆየ። በ1995/96 በ22 ጎል የሴሪ ቢ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። የሚገርመው ሁለት ወይም ሦስት ትልቅ ክለብ መጥቶ አለመውሰዱ ነው። ሌላ አንድ ዓመት እዚያው ከረመ። በ1997 ቼዜና ወደ ሲ1 ወረደ፤ ሁብነር ደግሞ ወደ ሴሪ ኤ ወጣ፤ አዲስ ያደገው ብሬሻ ገዛው።

ማኑዚ ስታዲየም ከሩቅ ይታያል፤ ለዚህች ከተማ ትልቅ ነው። ክለቡ በ2018 ከስሮ ከሴሪ ዲ ጀምሮ በ2024 ሴሪ ቢ ተመልሷል። በየሱቁ የባሕር ፈረስ ምልክቱ ተሰቅሏል። የሞተ ክለብ እንደዚህ ከተነሳ ጥሩ ነው።

ዝናብ ሲጀምር ማላቴስቲያና የሚባለው ቤተ መጻሕፍት ገባን። ከ1450ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። መጻሕፍቱ እስካሁን በሰንሰለት ከጠረጴዛው ጋር እንደታሰሩ ናቸው። ለኳስ መጥቼ በዚህ ጉዞ ያየሁት ምርጥ ክፍል እሱ ሆነ። የአክስቴ ልጅ ደጅ ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ብሬሻ

ብሬሻ ሀብታም ናት፤ ፋብሪካ የሞላባት። በክፍለ ሀገሩ ለግንባታ የሚሆን ፌሮ ይቀለጣል፤ የቤሬታ ጠመንጃም የሚሠራው በዚሁ ነው። ሾፌር የሌለው ሜትሮ አላት። ፊተኛው መስታወት ላይ ቆሜ እንደ ልጅ ሄድኩ። ሞምፒያኖ ወርደን ሪጋሞንቲ ስታዲየም ጋ ደረስን።

ሁብነር ሴሪ ኤን የጀመረው ነሐሴ 31 ቀን 1997 ነው፤ ሳን ሲሮ፣ ኢንተር ላይ። ሰዉ የመጣው የብራዚሉን ሮናልዶ የመጀመሪያ ጨዋታ ለማየት ነው። የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ግን የ30 ዓመቱ ብረት ሠራተኛ ነው። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ የማይታወቅ የኡራጓይ ልጅ ተቀይሮ ገባና ከሩቅ ሁለት አስቆጠረ፤ አልቫሮ ሬኮባ። ኢንተር 2 ለ 1። ቪዲዮው ዛሬም የሚዞረው በሬኮባ ስም ነው። እንዲህ ነው ያገሬ ሰው፤ ጊዜህን ጠብቀህ ብትመጣም ሌላ ሰው ቀኑን ይወስደዋል።

በዚያ ዓመት 16 ጎል አገባ፤ ብሬሻ ግን ወረደ። አብሮ ወረደ፣ አብሮ ተመለሰ። በ2000/01 ካርሎ ማዞኔ አሠልጣኝ ሆኑ፤ ባጆም መጣ። ሁለቱ የ1967 ልጆች አንድ ላይ አጠቁ። አንደኛው በዓለም የታወቀ፣ ሁለተኛው ከሲ2 የመጣ። ሁብነር 17 አገባ። በበጋው ሸጡትና በምትኩ ሉካ ቶኒን አመጡ። በዕድሜ ትልቁ የሴሪ ኤ ኮከብ ግብ አግቢ የሚለውን የሁብነርን ሪከርድ የሰበረው ራሱ ቶኒ ነው፤ በ2015 በ38 ዓመቱ፣ ለቬሮና 22 አግብቶ።

ሪጋሞንቲ በር ላይ ያገኘነው ማስታወቂያ የዩኒየን ብሬሻ ነው፤ አዲሱ ክለብ። በ1911 የተመሠረተው አሮጌው ብሬሻ በ2025 የሚጠበቅበትን ክፍያ በጊዜው ሳይከፍል ቀርቶ ከፕሮፌሽናል ሊግ ወጣ። እዚህ ክርክር አልሰማሁም፤ ቁጣ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰማያዊና ነጭ ስካርፉን አውልቆ እጁ ላይ ጠቅልሎ ነበር ያናገረን። የድሮው ማልያ ላይ ያለውን ነጭ የ«V» ቅርጽ በጣቱ ደረቱ ላይ ሣለልን። ሁብነርን ያስታውሳል? ያስታውሳል። ጣቱን ወደ ከንፈሩ ወሰደ።

ረቡዕ ስለሆነ ፖሌንታ ከእንጉዳይ ጋር አዘዝን፤ ቅቤ እንዳይነካው ብለን። የገንፎ ዘመድ ነው፤ በርበሬ ነው የጎደለው። 11 ዩሮ።

ቅዳሜ፣ ፒያቼንሳ

ሚላን አርፈን ቅዳሜ ወረድን። ፒያቼንሳ ከፖ ወንዝ ዳር ያለች ጭጋጋም ከተማ ናት። አደባባይዋ ላይ ሁለት ትልልቅ የነሐስ ፈረሶች አሉ። የኢንዛጊ ወንድማማቾች አገር ናት። ክለቧ እስከ 2001 ድረስ የጣሊያን ተጫዋች ብቻ በማሰለፍ ይታወቅ ነበር።

ሁብነር የመጣው በዚያው በጋ ነው። አሠልጣኙ ዋልተር ኖቬሊኖ። በ34 ዓመት የተገዛ አጥቂ ቡድን ከመውረድ ቢያድን ነው የሚጠበቀው። በመጨረሻው ቀን፣ ግንቦት 5 ቀን 2002፣ ሁሉም ሰው ዓይኑ ሮም ላይ ነበር፤ ኢንተር በላትሲዮ 4 ለ 2 ተሸንፎ ዋንጫውን ለጁቬንቱስ አስረከበ። እዚህ ጋሪሊ ስታዲየም ደግሞ ፒያቼንሳ ቬሮናን 3 ለ 0 አሸንፎ ተረፈ፤ ቬሮና ወረደ፤ ሁብነርም አግብቶ ከትሬዜጌ ጋር 24 ላይ ቆመ። ከዚያ ኤሲ ሚላን ለአሜሪካ ጉዞ ይዞት ሄደ፤ ሞከረው፣ አልገዛውም። በዚያ ጉዞ በአሠልጣኙ በአንቼሎቲ ፊት ስላጨሳት ሲጋራ ራሱ እየሳቀ ያወራል። እሺ፣ ሲጋራዋን እኔም አነሳኋት።

ፒያቼንሳ በ2003 ወረደ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ጋሪሊ ግን አሁንም የሴሪ ኤ መጠን ነው። የትኬት መስኮቱ ብዛት ያስቃል፤ አንዱ ብቻ ይበቃል። ፒዛሬይ ኤ ፋዞ በላን፤ የዳቦ ሊጥ ጥፍር ጥፍር ተደርጎ ከባቄላ ጋር ይሠራል። 10 ዩሮ፤ በዚህ ጉዞ የበላሁት ምርጡ ምግብ ነው።

እሑድ፣ ፍራንቻኮርታ

ሁብነር ከፒያቼንሳ በኋላ አንኮና፣ ፔሩጃ፣ ማንቶቫ ሄደ። ከዚያም እንደገና ወደ ታች፦ ኪያሪ፣ ኮርቴ ፍራንካ፣ ሮዴንጎ ሳያኖ፣ ካስቴል ሜላ፣ ካቬናጎ። እስከ 2011። አብዛኞቹ በብሬሻ ዙሪያ ያሉ የመንደር ሜዳዎች ናቸው።

የአክስቴ ልጅ የጓደኛውን መኪና ተዋሰ። ኢዜዮ ሐይቅ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። እሑድ ነው፤ ጎሚስታ ሁሉ ዝግ ነው። ቅያሪው ጎማ የሕፃን ልጅ ብስክሌት የሚያህል ሆኖ ተገኘ። በሱ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተንፏቀቅን በፍራንቻኮርታ የወይን ማሳዎች መሀል አለፍን፤ ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ ክላክስ ያደርጋል።

አንድ የመንደር ጨዋታ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ደረስን። መግቢያ 6 ዩሮ ነው ተብሎ፣ ዘግይታችኋል ተብሎ፣ 3 ተከፈለ። መቶ ሰው ቢኖር ነው። ግማሹ የተጫዋቾቹ ዘመድ ነው፤ እናት ልጇን በስሙ ትቆጣዋለች። የባለ ሜዳዎቹ አጥቂ ጸጉሩ የሸሸ፣ ሆዱ የወጣ ሰው ነው። አርባ አልፎታል። አይሮጥም፤ ይጠብቃል። ወጣቶቹ ተከላካዮች ሲያወሩ ሳጥን ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻውን ተገኘ። አንዱን ሳተ፣ አንዱን አገባ። አሠልጣኙ ወዲያው ቀየረው። ሰውየው እየተሳደበ ወጣ፤ አግዳሚው ላይ ቁጭ ሳይል ቀጥታ ወደ መጠጥ ኪዮስኩ ሄዶ ከኛ ጎን ቆመ።

ነገ ሥራ አለህ ወይ ብሎ የአክስቴ ልጅ ጠየቀው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አለ፤ የመኪና ሠራተኛ ነው። ታዲያ ጎማችንን ታይልናለህ? ጨዋታው ሲያልቅ ታኬታውን ሳያወልቅ መጥቶ አየው። አይጠገንም፣ ግዙ አለን። ያለው ሁለተኛ እጅ ጎማ 40 ዩሮ ነው፤ ተከራክረን 30 ሰጠነው። ማንቶቫን፣ ፔሩጃንና አንኮናን አላየኋቸውም፤ ሦስቱም ለሌላ ጊዜ ናቸው። ፔሩጃ ዘመድ ያላችሁ ብቅ በሉ።